«ይቺ ጎማ ትሻላለች» ሲሉሽ

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «ጋሼ፣ ለቪትዜ የትኛው ጎማ ይሻላል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ቆይ ላስብበት» ማለቴ እንዳላስደሰተሽ አይቻለሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት መሪ ጨብጦ የኖረ ሰውዬ አንድ የጎማ ስም መጥራት እንዴት ያቅተዋል ብለሽ ይሆናል። ስም መጥራትማ ምን ገዶኝ። ግን እኔ ዘንድ የመጣሽው አምስት ሰው ጠይቀሽ፣ አምስት ስም ይዘሽ ነው። ስድስተኛ ብጨምርልሽ ግራ መጋባትሽን ከማብዛት ሌላ የምፈይድልሽ አልነበረም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ቁጭ አልኩ። ዓይኔን ታውቂዋለሽ፤ ፊደሌ ከተንጋደደ ታገሺኝ።

መልሶቹን አስታውሳቸዋለሁ። የቢሮ አለቃሽ «ከጃፓን ጎማ ውጪ ንክች እንዳታደርጊ» አሉሽ። የሰፈራችን ባለ ታክሲ «የቻይናዋ 70 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳልኛለች» ብሎ ማለልሽ። ጎረቤትሽ የኮሪያ ጎማ ገዝታ በዓመቱ ሙልጭ እንዳለባት በምሬት ነገረችሽ። ጎሚስታው ሱቁ ውስጥ የተደረደረውን አሞገሰ። ቨርጂኒያ ያለው የአክስትሽ ልጅ ደግሞ 60 ሺህ ማይል ዋስትና ያለውን «ኦል ሲዝን» አዘዘልሽ። አምስቱም አልዋሹሽም። እያንዳንዱ የነገረሽ የራሱን መንገድ፣ የራሱን እግርና የራሱን ጭነት ነው፤ የጎማውን ስም የለጠፈበት መጨረሻ ላይ ነው።

ከአምስቱ ብዙ መንገድ ያየው ባለ ታክሲው ስለሆነ፣ ሰኞ ጠዋት እሱ ዘንድ ሄድኩ። ሻይ ጋበዘኝ። «ያቺ 70 ሺህ የሄደችው የትኛው እግር ላይ ነበረች?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ከኋላ» አለ። «የፊቶቹስ?» «እነሱንማ መሃል ላይ ቀይሬያቸዋለሁ።» በል እንግዲህ! የሱም እንዳንቺው ቪትዝ ናት፤ የምትጎተተው በፊት እግሯ ነው። ሞተሩ የሚከብደው ፊት ላይ፣ መሪው የሚያዞረው ፊቱን፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ የሚደፋው ወደ ፊት። የኋላው ጎማ ከዚህ ሁሉ ድርሻው ትንሽ ነው፤ ይከተላል። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን ያህል ሺህ ሄደ ሲልሽ መጀመሪያ የትኛው እግር ላይ እንደነበረ፣ ቀጥሎም ከፊት ወደ ኋላ ያቀያይር እንደሆነ ጠይቂው። በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ የሚያቀያይር ሰው አራቱንም እኩል ይጨርሳል፤ የማያቀያይር ሰው የሚነግርሽ የሚያኮራውን እግር ቁጥር ነው።

ከዚያ የሚሠራበትን ሰዓትና መንገድ ጠየቅኩት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ ሲኤምሲ፣ ከሲኤምሲ ወደ ቦሌ። ጥርት ያለ አስፋልት፣ ባዶ መንገድ፣ ቀዝቃዛ አየር። ይህ ለጎማ ሠርግ ነው። አንቺ ደግሞ ከቤትሽ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ኮብልስቶን ነሽ፤ ድንጋዩ በክረምት ከሥሩ እየተነቀለ ጠርዙ የጎማሽን ጎን ይበላዋል።

ጎንበስ ብዬ ጎማውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ደረቅ ነው፤ ጥፍሬን ብተክልበት አይገባም። «ዝናብ ላይስ እንዴት ናት?» አልኩት። ሳቀና «ክረምት ላይ እንግዲህ ቀስ ነው እንጂ ጋሼ!» አለኝ። 70 ሺህ ኪሎ ሜትር የተባለው ይቺንም ሳቅ ጨምሮ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሹፌሮች ጎማ ሲያወዳድሩ ዘወትር የሚያመልጣቸው ይሄ ነው። ጎማ ስንት እንደሄደ ይቆጠራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ርጥብ መንገድ ላይ ስንት ሜትር ተንሸራቶ እንደቆመ ግን ማንም አይለካም፤ አንድ ቀን አንድ ነገር እስኪመታ። ስለዚህ ወሬው ሁሉ ስለ ዕድሜው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ረጅም ዕድሜ የሚሰጠው ጠንካራው ላስቲክ ነው፤ ለርጥብ አስፋልት የሚጣበቀው ደግሞ ለስለስ ያለው፣ ቶሎም የሚያልቀው። ጥሩ ፋብሪካ ሁለቱን ለማስታረቅ ይለፋል፣ ለልፋቱም ያስከፍልሻል። ርካሹ ጎማ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል። «አያልቅም» የተባለልሽን ጎማ «ታዲያ ዝናብ ላይ ይይዛል?» ብለሽ ሳትጠይቂ አትግዢ። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የወረደ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ ወሩን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተንጠባጠበው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተላቁጦ ሳሙና ሆኖ ይጠብቅሻል።

ለአሜሪካ ገበያ በሚሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ ይህን የሚያመለክት ጽሑፍ አለ። «ትሬድዌር» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ዕድሜ ነው። 100 መነሻው ነው፤ 400 የተባለው በመፈተኛው መንገድ ላይ አራት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ 400 ከሌላው ፋብሪካ 400 ጋር አፍ ለአፍ አታጋጥሚው፤ የአንድ ፋብሪካን ሁለት ጎማዎች ለማወዳደር ግን ደህና ነው። «ትራክሽን» የሚለው ደግሞ ርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ያለውን አያያዝ ነው፤ ከላይ «ኤኤ»፣ ቀጥሎ «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ»። እኔ ብሆን ከትልቁ ትሬድዌር ይልቅ ትራክሽኑን አስቀድማለሁ።

ወደ ጎረቤትሽ ልለፍ። ያ የረገመችው ጎማ ግቢዋ ውስጥ አበባ ተተክሎበት ስላለ አየሁት። አፈሩን ጠረግ አደረግኩና ስመለከት መሃሉ ገና ጥርስ አለው፤ ሁለቱ ጠርዞች ናቸው ሙልጭ ያሉት። ይህ የኮሪያዎቹ ጥፋት አይደለም፤ አየር አጥቶ የሄደ ጎማ ነው። ለመሆኑ አየር መቼ መቼ ነው የምትሞዪው ስላት «ሲጎድል ጎሚስታው ይነግረኛል» አለችኝ። ጎሚስታው ደግሞ የሚነግራት ስትሄድ ነው፤ የምትሄደው ሚስማር ሲወጋት።

ጎማ ሲያልቅ ጽሑፍ ትቶ ነው የሚያልቅ፣ ልጄ። ሁለቱ ጠርዝ ካለቀ አየር አንሶታል። መሃሉ ብቻ ካለቀ አየር በዝቶበታል፤ «ጭነት አለኝ ጠንከር አድርገህ ሙላ» የሚሉ ሰዎች ጎማ እንደዚያ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከተላጨ አላይመንቱ ተዛብቷል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ከተበላ ደግሞ አሞርዛተሩ ደክሟል፣ አለዚያም ባላንስ አልተደረገም። እና አንድ ሰው «የእገሌ ፋብሪካ ጎማ አይረባም» ሲልሽ፣ ከተቻለ አሮጌውን አሳየኝ በዪው። ግማሹ እሮሮ እዚያው ያልቃል።

አለቃሽ የተናገሩት ብዙም አያከራክርም። ብሪጅስቶን፣ ዮኮሃማ፣ ዱንሎፕ እያለ ያደገ ትውልድ ነው፤ እኔም ከዚያው ነኝ። ብቻ የጃፓን ስም ያለበት ጎማ ሁሉ ጃፓን ውስጥ አይሠራም፤ እነዚህ ኩባንያዎች በብዙ አገር ፋብሪካ አላቸው፣ የተሠራበት አገር ጎኑ ላይ ተጽፏል። ቨርጂኒያ ያለው ልጃችንን በተመለከተ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንብናል። እሱ ጎማ ሲመርጥ የሚያስበው በረዶ ነው፣ ሃይዌይ ነው፤ ዋስትናው 60 ሺህ ማይል፣ ማለትም ወደ 97 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ ጎማው ቶሎ ቢያልቅ ሄዶ የሚከራከርበት ሱቅ አለው። አንቺ ያንን የዋስትና ወረቀት ይዘሽ መርካቶ ጎማ ተራ ብትሄጂ ሻይ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ።

የራሴን ጉድ ደግሞ ስሚ። ማንም ሳይሰማ ለአንቺ ብቻ ነው።

ኅዳር 2015 ዓ.ም. ለአሮጊቷ ኮሮላዬ አራት ጎማ ገዛሁ። ሻጩን ስም አልጠራም፤ ዛሬም ሰላም እንባባላለን። ጎማዎቹ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ጢማቸው ገና ያልረገፈ። ዋጋቸው ከሌላው ሱቅ ቀነስ ይላል። ከመግዛቴ በፊት እንደ አዋቂ ጎንበስ ብዬ የተሠሩበትን ጊዜ ፈለግኩ፤ መቼም ሠላሳ ዓመት ጎማ የቀየርኩ ሰው ነኝ። «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አገኘሁ፦ 4015። ሻጩ ጣቱን «15» ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ የዘንድሮ ነው» አለኝ። 2015 ነዋ፤ እኔም ዘንድሮ መሆኑን አየሁ። ከፈልኩ።

በሦስተኛው ወር ወደ ሐዋሳ ስወርድ መቂ ሳልደርስ የኋላው ቀኝ ፈነዳ። እግዚአብሔር ይመስገን መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር፣ ፍጥነቴም የሽማግሌ ነበር፤ ፍሬን ሳልይዝ፣ መሪውን ጨብጬ፣ ነዳጁን ለቅቄ ወደ ዳር አወጣኋት። ስኮርታውን ልቀይር ክሪክ አስገብቼ ጎንበስ ስል ከጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ኩሬ መሬት የተሰነጣጠቀውን አየሁ። ብርሃን የሰጠው የተቀባው ቅባት ታጥቦ አልቋል። መቂ ላይ ያገኘሁት የጎሚስታ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው፣ ቁጥሩን አይቶ «አባቴ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው» አለኝ። 40ኛው ሳምንት፣ 2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። በኛ መስከረም 2008። እኔ የዘንድሮ ብዬ የገዛሁት ጎማ ሰባት ዓመት መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ከርሟል።

ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በመንጃ ፈቃድ ፈተናም አላፈርኩም። አየሽ፣ ሳምንቱ መጀመሪያ ይመጣል፣ ዓመቱ ቀጥሎ፣ ሁለቱም በፈረንጅ ናቸው። ከዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሺ። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ነው ያለው፤ ከታሰረ በኋላ ወደ ውስጥ ከዞረ መኪናው ሥር ገብተሽ በባትሪ ካልሆነ አይታይም። ስለዚህ ቸርኬ ላይ ሳይገባ በፊት እይው፤ አራቱንም፣ አንዱን አይተሽ አትመኚ። ላስቲክ ሳይሄድም ያረጃል፤ ሙቀትና ፀሐይ ደግሞ ያፋጥኑታል። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ጎማ ካገኘሽ ደስ ይበልሽ። አምስት ያለፈውን፣ በነፃ ቢሰጡሽም፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ እለፊው።

ጎኑ ላይ ካለው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ መጠኑን ብቻ ልንገርሽ። የአንቺ 165/70 አር 14 ነው። 165 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ አር ራዲያል፣ 14 የቸርኬው ኢንች። ቀጥሎ 81 ኤስ ይላል፤ 81 አንዱ ጎማ 462 ኪሎ ይሸከማል፣ ኤስ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። «ሰፋ ያለ እንግጠምልሽ፣ መኪናዋ ታምራለች» የሚልሽ ይመጣል። አመስግነሽ ይለፍሽ።

አሁን የምነግርሽን ደግሞ ማንም ጎሚስታ አይወድልኝም። ገንዘብሽ ለሁለት ጎማ ብቻ ከበቃ አዲሶቹን ከኋላ አስገቢ። አውቃለሁ፣ የሰፈር ሹፌር ሁሉ «አዲሱ ከፊት!» ይላል፤ እኔም ግማሽ ዕድሜዬን እንደዚያ ስል ኖሬአለሁ። ነገሩን እንዲህ እይው። ርጥብ ኩርባ ላይ የፊቱ ጎማ ቢከዳሽ መኪናዋ ወደ ቀጥታው ትገፋለች፤ መሪው ሲቀልልሽ ይታወቅሻል፣ ነዳጅ ስትለቂ ትመለሳለች። የኋላው ቢከዳሽ ግን ጭራዋ ይዞራል፤ አንዴ መዞር ከጀመረች ደግሞ አንቺም እኔም አንመልሳትም። ጎማ ሠሪዎቹም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ጎሚስታው ከሳቀብሽ «አጎቴ ጃጅቷል፣ ዝም ብለህ ግጠምልኝ» በዪው።

ስለ አየር ብዙ አልልም ብዬ ነበር፤ ግን የረዳትነት ዘመኔ ትዝ አለኝ። በኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሚሌ አድርገን አሰብ እንወርድ ነበር። መኪናው በቆመ ቁጥር የኔ ሥራ ዱላ ይዞ መዞር ነው። ከኋላ ጎማው ድርብ ስለሆነ አንዱ ቢተነፍስ ጓደኛው ደግፎ ይደብቀዋል፤ በዓይን አይታይም። ስመታው ሙሉው ጠንከር ብሎ እጄን ይመልሰዋል፤ የተነፈሰው «ዱፍ» ይልና ዱላው ይሰምጣል። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «አራተኛውን ድገመው» ይለኝ ነበር።

ያኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። ጠዋት አዲስ አበባ የለካነው አየር ቆላ ወርደን፣ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ ስንለካው ቀንሶ እናገኘዋለን፤ ጎማው ግን አልተበሳም። ኋላ ነው ምክንያቱን ያወቅኩት። እኛ ያለንበት ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የውጪው አየር ስስ ነው፤ መለኪያው የሚያነበው ደግሞ የውስጡና የውጪው ልዩነት ነው። እዚህ በጎሚስታው መለኪያ 32 ያለው ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ፣ ባሕር ዳርቻ 28 ተኩል ገደማ ይላል፤ አዋሽ ላይ 30። ሙቀቱ ግን ዝም አይልም፤ በየ10 ዲግሪው 1 ተኩል ገደማ ይጨምራል። አንዱ የወሰደውን ሌላው ይመልሰዋል። ስለዚህ ለጉዞ ስትወርጂ መንገድ ላይ የጋለ ጎማ ለክተሽ «በዛ» ብለሽ አየር እንዳታስወጪ። ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሳ፣ ለኪ። የመኪናሽ ልክ የፊት በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፤ ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል። 230 ካለ በኪሎ ፓስካል ነው፣ በጎሚስታው መለኪያ 33። የራስሽን መለኪያ ግዢ፤ የጎሚስታ መለኪያ ስንት ጊዜ መሬት እንደወደቀ እሱም አያውቀውም።

እንግዲህ «ታዲያ የቱን ልግዛ?» ማለትሽ አይቀርም። መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ትኩስ፣ በመጠንሽ ልክ የሆነ፣ አራቱም አንድ ዓይነት። ውድ ስም ያለው አምስት ዓመት የተኛ ጎማና ስሙ ብዙም ያልተነሳ ዘንድሮ የተሠራ ጎማ ቢቀርብልኝ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ዋጋውንም በአንድ ጎማ አታስቢው። ለስሌት ያህል፣ አንዱ 6 ሺህ ብር ሆኖ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ ኪሎ ሜትሩ 20 ሳንቲም ነው፤ ሌላው 10 ሺህ ብር ሆኖ 60 ሺህ ቢሄድ 17 ሳንቲም አይሞላም። የገዛሽበትን ቀንና የዳሽቦርዱን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፊ፤ ጥርሱንም በየስድስት ወሩ ለኪ። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ ይዞ ይመጣል፤ በጥርሶቹ መሃል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከላዩ ጋር ሲስተካከሉ 1.6 ብቻ ቀርቶታል፣ አበቃ። እኔ ግን ሰኔ ሳይገባ 3 ላይ እቀይረዋለሁ፤ ክረምቱ እስከ ጉብታው አያስጠብቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ደብተር ከአምስቱም መካሪዎችሽ፣ ከኔም ጭምር፣ የበለጠ ያውቃል፤ ምክንያቱም ያንቺን ኮብልስቶን የሄደው እሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ይዘሽ ነይ፤ እኔ የማምነው ጎሚስታ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ስትመጪ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ያለውን ጃንጥላ፣ ጫማና የልጆቹን መጫወቻ ሁሉ አውርደሽ ነይ። ሥሩ ያለው ስኮርታ ከጃፓን ከመጣች ጀምሮ አንድም ሰው እንዳላየው ልማልልሽ እችላለሁ፤ አራቱን አኃዝ አንቺ ታነቢልኛለሽ፣ እኔ ባትሪውን እይዛለሁ።